ሀይቁ ውስጥ፣ ሀይቁ ላይ፣ ሀይቁ ጋ

ሰሞኑን የጎረቤታችንን ልጅ ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ እንግሊዝኛ እያስጠናሁት ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው ቃላትም በደንብ ያውቃል፣ መስተዋድድ ጋ ሲደርስ ግን ኢን ይሁን ኦን ይሁን አት ዝም ብሎ ይገምታል። ሰንጠረዡን በቃሉ ሸምድዶታል ግን ዓረፍተ ነገር ሲሰራ አይመጣለትም። ቅዳሜ ደብተሩን አስይዤው ሀዋሳ ሀይቅ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን።

«አሳው የት ነው ያለው?» አልኩት።
«ሀይቁ ውስጥ።»
«ጀልባውስ?»
«ሀይቁ ላይ።»
«እናትህ ደውላ የት ናችሁ ብትልህስ?»
«ሀይቁ ጋ ነን እላታለሁ።»

በቃ! ውስጥ ኢን፣ ላይ ኦን፣ ጋ አት፣ ሶስቱንም አፉን ከፈታ ጀምሮ ሲላቸው ነው የኖረው። «ታዲያ ቲቸር ለምንድነው የምሳሳተው?» አለኝ። «በ» ናት የምታሳስተው፣ እሷ ሁሉንም ትሸከማለቻ። እዛው አሳ የሚበልተውን ልጅ አሳየሁት፣ በቢላ ነው የሚበልተው፣ ቢላው መሳሪያ ስለሆነ ዊዝ ኤ ናይፍ፣ አሳው በልጁ ተበለተ ካልን ግን ሰሪው እሱ ስለሆነ ባይ፣ በባጃጅ መጣን ስንልም ባይ ነው። ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብለህ ስልክ ቢደወልልህ ደግሞ ኢን ኤ ባጃጅ ነህ፣ ባስ ከሆነ ግን ኦን ዘ ባስ፣ ቆመህ ወዲህ ወዲያ የምትልበት ነገር ስለሆነ፣ ባቡርና አውሮፕላንም እንደዛው።

ጊዜ ሲሆን ግን «ላይ»ን እንዳታምኑት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንገናኝ ስለምንል ብዙ ተማሪ ኦን ይጽፋል፣ እንግሊዝኛው አት ኤይት ኦክሎክ ነው። መስከረም ላይ ስንል ኢን ሴፕቴምበር ነው፣ ሰኞ እንገናኝ ስንል ደሞ ጭራሽ ምንም አንጨምርም፣ እነሱ ኦን ይፈልጋሉ። ሰዓት አት፣ ቀን ኦን፣ ወርና ዓመት ኢን። ኢን ዘ ሞርኒንግ ተብሎ ለምን አት ናይት እንደሚባል ጠየቀኝ፣ እሱን እንዲሁ ያዘው አልኩት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከግስ ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ነው፣ ምክንያቱም እዛ ጋ አማርኛችን አያግዘንም። ጓደኛዬን ጠበቅኩት ስለምንል ዌይት ላይ ፎር ይረሳል፣ ስለ ፈተናው ተወያየን ስለምንል ዲስከስ ላይ የማያስፈልግ አባውት ይጨመራል፣ ከሷ ጋር ተጋባ ስለምንል ሜሪድ ዊዝ ይባላል፣ ትክክሉ ሜሪድ ቱ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ዌይትን ብቻዋን እንዳይጽፋት ከልክዬዋለሁ፣ ዌይት ፎር፣ ሊስን ቱ፣ አፍሬድ ኦፍ፣ ጉድ አት እያለ እንደ አንድ ቃል ነው የሚይዛቸው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ኤክሮስ (across) እና ስሩን (through) ይዘናል። ለኤክሮስ ሀይቁን አቋርጦ የሚሄድ ጀልባ አይጠፋም፣ ለስሩ ደግሞ በአሳ ገበያው ግርግር መሀል ሰንጥቀን እናልፋለን።