የማትሰማዋ ፒ እና የወሩ ሪፖርት

በምሠራበት ሆስፒታል የወሩ ሪፖርት ሲዘጋጅ፣ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የታየው የሳንባ ምች ቁጥር ከቀድሞው ወር በግማሽ ያህል ወርዶ ተገኘ። ጊዜው ክረምት ነው። ብርዱም ሳሉም እንዳለ ነው። የሕፃናት ክፍሉ አልጋ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ሪፖርቱ ግን በሽታው እየጠፋ ነው ይላል።

እኔ ያለሁት መረጃ ክፍል ነው፤ በሥራ ቋንቋችን ኤችኤምአይኤስ ይባላል። ከየዋርዱ የሚመጣውን ዲያግኖሲስ እየመዘገብን በወሩ መጨረሻ ደምረን እንልካለን። የሕፃናት ክፍሉ ሐኪም ወረቀቱን አየና "ይሄ የኛ ቁጥር አይደለም" አለ። ተጨንቆ ነበር፤ ቢጨነቅም አይፈረድበትም። የሳንባ ምች በዓለም ላይ ሕፃናትን ከሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች ቀዳሚው ነው። አሞክሳሲሊኑም ኦክስጅኑም የሚጠየቀው ይሄን ቁጥር ይዞ ነው። ዛሬ ወረቀት ላይ የጎደለ ሕፃን፣ ነገ ስቶር ውስጥ የጎደለ መድኃኒት ይሆናል።

የዋርዱን መዝገብና ኮምፒውተሩን ጎን ለጎን አድርገን ማመሳከር ጀመርን። መዝገቡ ላይ ሕፃናቱ አሉ። ኮምፒውተሩም ላይ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የካርድ ቁጥራቸው ሳይቀር አለ። ኤክሴሉን በበሽታ ስም ፊልተር ስናደርገው ግን ግማሾቹ ይሰወራሉ። ግራ ገባን። አንዷ ባልደረባችን ፊልተሩን አነሳችና ዝርዝሩን በፊደል ተራ ደርድራ ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ታየው ጀመር። ኤን ላይ ስትደርስ ቆመች። "ኑ እዩት" አለችን። የጠፉት ሁሉ እዚያ ተሰልፈዋል። የሳንባ ምች በእንግሊዝኛ ኒሞኒያ ነው፤ ቃሉ አንዱ ጋ በኤን እና በኢ ይጀምራል፣ አንዱ ጋ በኤን እና በዩ፣ ሌላው ጋ በኤን እና በአይ። ከሁሉም ፊት መቆም የነበረባት ፒ ግን አንዳቸውም ላይ የለችም።

ምክንያቱ ወዲያው ገባን። በዚያ ወር የዋርዱ ኔትወርክ ተበላሽቶ ስለነበር ዲያግኖሲሱ የሚመጣልን በስልክ ነበር። ተረኛዋ ሲስተር ታነባለች፣ አዲሷ ጸሐፊያችን ትጽፋለች። ሲስተሯ ቃሉን የጠራችው እንግሊዝኛ እንደሚጠራው ነው። ልጅቷም የጻፈችው የሰማችውን ነው። ሁለቱም ሥራቸውን በጥንቃቄ ነው የሠሩት።

ልጅቷ ነገሩን ስታይ ስልኩን አንስታ ዋርድ ደወለች።

"ሲስተር፣ ኒሞኒያ በምንድን ነው የሚጀምረው?"

"በፒ ነዋ የኔ እናት።"

"ፒ ሲሉ እኮ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።"

"አይሰማማ! ሳይለንት ነው።"

ሁላችንም በዚህች ቃል ነው ያደግነው። ትምህርት ቤት ቢላዋ ማለት የሆነውን ናይፍ የሚለውን ቃል ከነኬው ስናነብ መምህሩ "ኬዋ ሳይለንት ናት" ብሎ ያልፋል። ለምን እንደሆነ አይነገረንም። እንግሊዝኛ እንዲሁ ነው፣ በቃ ሸምድዱት። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የማትሰማ ፊደል ብዙውን ጊዜ እዚያ የቆመችበት ምክንያት አላት። ምክንያቱ ከተነገረን ደግሞ አንረሳትም።

በኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ይነበባል። ያልተጻፈ አይነበብም። የላላና የጠበቀውን ለአንባቢ ከመተው በቀር ፊደላችን ብዙ አይደብቅም። በዚህ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ ሁለት ዓይነት ሰው እንሆናለን። በመጽሐፍ የተማረው ያየውን ሁሉ ይጠራና "ፕኒሞኒያ" ይላል። በጆሮው የተማረው የሰማውን ብቻ ይጽፍና ፒን ይተዋታል። ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ፤ መሃላቸው ላይ ደግሞ ስልክ አለ።

ቃሉ የመጣው ከግሪክ ነው። ግሪኮች ፒንም ኤንንም ይጠራሉ። ጀርመኖችና ፈረንሳዮችም እስከ ዛሬ ፒዋን ይጠሯታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ቃል በእነዚህ ሁለት ድምፆች ተከታትሎ ሲጀምር ምላሱ አይታዘዝለትም። ስለዚህ ድምፁን ጣለና ጽሕፈቱን አስቀረ። ጽሕፈቱ መቅረቱ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ መልሱ እዚያው ሕፃናት ክፍል ውስጥ አለ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ትንፋሹ ቁርጥ ሲልበት ሐኪሞቹ አፕኒያ ይሉታል። እዚህ ላይ ፒ ቁልጭ ብላ ትሰማለች። ከፊቷ አ ስላለ ተደግፋበት ዳነች። ሁለቱም ቃላት ከመተንፈስ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ዝምድናቸው በጆሮ ባይሰማም በጽሕፈት ይታያል።

ይሄን ለልጅቷ ስነግራት ወንበሯን ወደኔ አዞረች። ከዚያማ ማቆም አልቻልንም። ዓይን ክፍል ቴሪጂየም የሚሉት፣ ዓይን ላይ የሚበቅል ሥጋ አለ። በፒ እና በቲ ነው የሚጀምረው፤ ፒ አትሰማም። ትርጉሙ በግሪክ ትንሽ ክንፍ ማለት ነው። ሄሊኮፕተር ስንል ግን ያቺው የክንፍ ፒ መሃል ላይ አለች፤ ሁላችንም እንጠራታለን። ሕክምና ተማሪዎች ለሽምደዳ የሚጠቀሙበት ኒሞኒክ ደግሞ በጆሮ የኒሞኒያ መንትያ ይመስላል፤ ሲጻፍ ግን በኤም ነው የሚጀምረው። ኤሟን መስማት የፈለገ፣ የማስታወስ ችሎታ ማጣት የሚባለውን አምኔዥያ ይበል። ጡንቻ ማለት የሆነው ማስል ውስጥ ሲ አለች፤ ልጅቷ ሁልጊዜ ትረሳት ነበር። መስኩላር ስትል ግን ሲዋን ራሷ ትጠራታለች። መፈረም ማለት የሆነው ሳይን ላይ የጠፋችው ጂ፣ ፊርማ ማለት የሆነው ሲግኔቸር ላይ ትመለሳለች። ዝም ያለችውን ፊደል ስትጠራጠሪ የቃሉን ዘመድ ጥሪ፤ እዚያ ትናገራለች አልኳት። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ በሁለት ረድፍ ትጽፋቸው ጀመር፣ በግራ ዝም ያለችበትን፣ በቀኝ የምትሰማበትን።

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አይፈታም። ካሸሯ የምትቆርጠው ሪሲት ውስጥ ያለችው ፒ ኋላ የገባች ናት። ድሮ እንግሊዞች ያለ ፒ ይጽፉት ነበር። የቃሉ ምንጭ ላቲን መሆኑ እንዲታይ የፈለጉ ምሁራን ጨመሯት። ሕዝቡ ግን አልጠራትም። ቢሆንም እሷም ዘመድ አላት፤ በሩ ላይ ያለው ሪሴፕሽን ፒዋን ያሰማል። ዕዳ ማለት በሆነው ዴት ውስጥ ያለችው ቢም ታሪኳ ያው ነው፤ የሒሳብ ክፍሉ ዴቢት ላይ ትሰማለች። አውራ ጣት ማለት የሆነው ተም ላይ ያለችው ቢ ግን ምንም የሚያድናት የለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ አልነበረችም፤ እንደ ሌሎቹ ቃላት ትመስል ተብላ ነው መጨረሻው ላይ የተለጠፈችው። እሷን መሸምደድ ነው።

ጉልበት ማለት የሆነው ኒ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ኬዋ በእውነት ትጠራ ነበር። አታሚው ዊሊያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያውን ሲተክል እንግሊዞች ኬዋን ከነነፍሷ ይጠሯት ነበር። ናይት (ሌሊት)፣ ዶተር (ሴት ልጅ) በሚሉት ቃላት ውስጥ ጂ እና ኤች ሆነው የሚጻፉትም እንደኛ ኸ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበራቸው። ማተሚያው ጽሕፈቱን እያጸናው ሄደ፤ አፉ ግን መለወጡን ቀጠለ። ጀርመኖች ጉልበትን ዛሬም ከነኬው ነው የሚጠሩት።

ይሄን ስናወራ የካርድ ክፍል ኃላፊዋ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴትዮ፣ ለሌላ ጉዳይ መጥተው ቆመው ይሰሙን ነበር። "ታዲያ ይሄ የኛም ችግር አይደል እንዴ?" አሉ። "እኔ ጋ ፀሐይ የምትባል ታካሚ ስትመጣ በየትኛው ፀ ነው ብዬ ሳልጠይቅ ካርድ ፈልጌ አላውቅም።"

እውነታቸውን ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በግእዝ እነዚህ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ አፍ ላይ ድምፆቹ አንድ ሆኑ፣ ፊደሎቹ ግን አልተቀነሱም። ሐን እና ዐን ትግርኛ ተናጋሪ ዛሬም ለይቶ ይጠራቸዋል፤ ጀርመኖች ኬን እንዳቆዩት ማለት ነው። ኃይሉ የሚባል ሰው ካርዱ አንዴ በብዙኃኑ፣ አንዴ በሃሌታው ተጽፎ ሁለት ካርድ ይወጣለታል። በአንዱ ላይ የተጻፈው የመድኃኒት አለርጂ በሌላው ላይ የለም። ይሄ ነገር ከኒሞኒያውም ይልቅ ነው ያስደነገጠኝ።

ወደ ሥራው እንመለስ። የእማማን ልማድ ነው ወደ ስልኩ ያመጣነው፤ የሚያነበው ሰው ቃሉን ከጠራ በኋላ ፊደሉን አንድ በአንድ ይናገራል፣ የሚጽፈው ደግሞ መልሶ ያነብለታል። ፊደሉም ብቻውን አይበቃም። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ፒ እና ቢ፣ ኤም እና ኤን በቀላሉ ይምታታሉ። ስለዚህ አብራሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የሚጠቀሙበትን አጠራር ወሰድን፤ ፒ ፓፓ፣ ቢ ብራቮ፣ ኤም ማይክ፣ ኤን ኖቬምበር። መጀመሪያ ነርሶቹ ጊዜ ይፈጃል ብለው አጉረመረሙ። አልተሳሳቱም፣ ይፈጃል። ፋርማሲ ግን ወዲያው ተቀበለው። ምክንያቱም እነሱ ሱዶኤፌድሪን የሚባለውን የአፍንጫ መታፈን መድኃኒት በኤስ ፈልገው ሲያጡ ኖረዋል፤ በፒ ነው የሚጀምረው።

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የበሽታ ስም በእጅ መጻፍ ቀረ። ከዝርዝር ይመረጣል፣ አጠገቡ ዓለም አቀፍ ኮዱ አለ። ዓይነቱ ያልተለየ የሳንባ ምች ጄ18 ነው። ልጅቷ አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ ሰው በኤን ቢጀምርም ወደ ትክክለኛው ቃል እንዲወስደው አደረገች። ጥሩ ሐሳብ ነው። በጆሮው የተማረ ሰው ሁልጊዜም ይኖራል።

ሪፖርቱን አርመን መልሰን ላክን፤ የሕፃናት ክፍሉ ሐኪምም ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ፈረመበት። የካርድ ክፍሉ የስም ጉዳይ ግን ገና አልተፈታም። ለጊዜው ካርድ የሚፈለገው መጀመሪያ በቁጥር፣ ካልተገኘ በታካሚው ስልክ፣ ስም መጨረሻ ላይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን ሲፈለግ ብቻ እንደ አንድ የሚቆጥር፣ ሲጻፍ ግን የሰውየውን አጻጻፍ የማይነካ ፕሮግራም እንዲሠራልን ለአይቲ ክፍል ጽፈናል። እማማ ደብዳቤው ላይ የመጀመሪያዋ ፈራሚ ናቸው።