ሃያ ፊኛ ያላነሣው ስልክ

ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ያሰብነው ቀላል ነገር ነበር። አሮጌ ስልክ ካርቶን ውስጥ አድርገን፣ በሂሊየም ፊኛ ከፍ አድርገን፣ ግቢውን ከላይ መቅረጽ። ፊኛውንም ጋዙንም ከዲኮር ሰዎች ገዛን። እንዳያመልጠን ረጅም ክር አሰርን። ፈቃድ አስፈረምን። ይህ ሁሉ በሁለት ቀን አለቀ።

ጉድ የሠራኝ ስሌቱ ነው።

ፊኛን የሚያነሣው በዙሪያው ያለው አየር ነው። ፊኛው የያዘውን ቦታ የሚሞላው አየር በሚመዝነው ልክ ወደ ላይ ይገፋዋል። የሂሊየሙ፣ የላስቲኩ፣ የክሩና የጭነቱ ክብደት ደግሞ ወደ ታች ይጎትቱታል። በመጽሐፉ አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ነው፤ ሂሊየም 0.17 ገደማ። ልዩነቱ በሊትር 1 ግራም ያህል። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊኛ 14 ሊትር ይይዛል። 3 ግራም ላስቲኩን ስንቀንስ 11 ግራም ይቀራል። ሃያ ፊኛ 220 ግራም ማለት ነው። ስልኩ ከነካርቶኑ 190 ነበር። ይበቃል አልኩ።

አንዷ ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሯጮቻችን እዚህ የሚለማመዱት አየሩ ስስ ስለሆነ አይደል? ለፊኛውስ?»

«እሱን ተዪው፣ መጽሐፉን ተከተዪ» አልኳት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዕለቱ ክሮቹ ተወጠሩ፤ ካርቶኑ ግን ከጠረጴዛው አልተላቀቀም። ዳኞቹ መጡ፣ አዩ፣ «አልሠራም» ብለው ጻፉና አለፉ። የሳይንስ ዳኛ ሆኖ «ለምን አልተነሣም?» ብሎ አለመጠየቅ ምን ይባላል? አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ከጎናችን ከነበሩት ልጆች ሚዛን ተዋስን። 50 ግራም የሚመዝን ድንጋይ አስቀምጠን አንድ ፊኛ አሰርንበት። ሚዛኑ 42 አለ። አንድ ፊኛ የሚያነሣው 8 ግራም ብቻ ነው! የመጽሐፉ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አንድ ሊትር አየር 0.92 ግራም ቢመዝን ነው። ሂሊየሙም አብሮ ይሳሳል፤ ልዩነቱ ወደ 0.8 ይወርዳል። ሃያ ፊኛ 160 ግራም። በ30 ግራም ቀረን።

ካርቶኑን አውጥተን ጣልነው። ስልኩን ብቻውን በክር አሰርነው፤ 140 ግራም። ተነሣ! ልጆቹ ጮኹ። ዳኞቹ ግን ሌላ ክፍል ገብተው ነበር።

እንደኔ ከባሕር ጠለል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆናችሁ መጽሐፉን አትመኑ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ፊኛ በሚዛን ሞክሩ። ሻጩ «ማታ ሞልታችሁ አሳድሩት» ቢላችሁም እሺ አትበሉ፤ ሂሊየም በላስቲኩ ውስጥ እያለፈ ያመልጣል፣ ጠዋት ሙሉ ፊኛ አታገኙም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ በሁሉም ፊት ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። ጥያቄዋን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ስሌቱን እሷው ወጥታ እንድትሠራው አደረግኩ። ዳኞቹ የጻፉት ውጤት ግን እንዳለ ነው።