ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ኩባንያው በር

አምስተርዳም በገባሁ ማግስት፣ እዚያ ሃያ ዓመት የኖረው የአክስቴ ልጅ ዳም አደባባይ ወሰደኝ። ዛሬ ቤተ መንግሥት የሚባለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1655 ሲመረቅ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ነበር። በታላቁ አዳራሽ ወለል ላይ የዓለም ካርታ በእብነ በረድ ተነጥፏል። ጎብኚው ሁሉ አህጉራቱን እየረገጠ ፎቶ ይነሳል፤ እኔም ረገጥኩ።

«አሁን ደግሞ ገንዘቡ ወደ ነበረበት» አለኝ። አሥር ደቂቃ እንኳን አልተጓዝንም። ከጠባብ መንገድ በቅስት በር አልፈን ቀይ የጡብ ግቢ ገባን፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብስክሌታቸውን ግድግዳው ላይ ደርድረዋል። ከእስያ ጋር ይነግድ የነበረው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቤት ይህ ነው። ኩባንያው በ1603 እዚህ ሲገባ አከራዩ ከተማዋ ነበረች። አከራይም ተከራይም ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው መሆኑ ነው የገረመኝ፤ ሬይኒር ፓው ለምሳሌ ከንቲባም የኩባንያው ዳይሬክተርም ነበር። ዳይሬክተር ሲሞት የቀሩት ሦስት ሰው ያጫሉ፤ አምስተርዳም ውስጥ የሚመርጡት ከንቲባዎቹ ናቸው። ኩባንያውን በበላይነት ከሚመሩት አሥራ ሰባት ጌቶች ስምንቱም የዚችው ከተማ ሰዎች ነበሩ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለ ዘመዴ።

ባለአክሲዮኖቹ ግን ዝም አላሉም። ቃል የተገባላቸው የአሥር ዓመት ሒሳብ ሳይቀርብ ቀረ። በ1622 የወጣ አንድ በራሪ ጽሑፍ፣ መዝገቡ የአሳማ ጮማ ተቀብቶ ለውሻ ተሰጥቷል ብሎ በዳይሬክተሮቹ ተሳልቋል። እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ኩባንያው ምሽግ መሥራት፣ ወታደር መቅጠርና ውል መዋዋል ተፈቅዶለት ነበር። የጎንደር ነገሥታትም መልእክተኛቸውን ኮጃ ሙራድን ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ድረስ ሲልኩ የተቀበለው የኩባንያው ገዥ ነው። ከስጦታዎቹ መካከል የሜዳ አህዮች ነበሩ።

በማግስቱ በባቡር ዘ ሄግ ወረድን። የፓርላማው ግቢ ቢነንሆፍ በእድሳት ታጥሮ ስለነበር ከውሃው ማዶ ቆመን አየነው። ተፎካካሪ ነጋዴዎችን ገፋፍቶ በ1602 አንድ ኩባንያ ያደረጋቸው ዮሃን ፋን ኦልደንባርነፌልት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1619 አንገቱ የተቀላው እዚያ ነው። ክሱ የሃይማኖትና የፖለቲካ ጠብ ያመጣው እንጂ የንግድ አልነበረም። ሰውየው 71 ዓመቱ ነበር። ከፈረዱበት 24 ዳኞች አንዱ ሬይኒር ፓው ነው።