ፍላተር ላይ «65» የሚል ስህተት ሲመጣ

የዛሬው ቀን ያለቀው ኮድ በመጻፍ ሳይሆን ማሽን በማስተካከል ነው። ፍላተርን (የአፕ መሥሪያውን) ለጀመራችሁ ይጥቀማችሁ።

«አንሰፖርትድ ክላስ ፋይል ሜጀር ቨርዥን 65» የሚል ቀይ ጽሑፍ ካያችሁ ኮዳችሁን አትንኩ። 65 ማለት ጃቫ 21 ነው፤ 61 ደግሞ ጃቫ 17። ኮዱን ወደ አንድሮይድ አፕ የሚገነባው ግሬድል ከ8.5 በታች ከሆነ በጃቫ 21 አይሠራም። ብዙ ሰው ጃቫ ሆምን (ጃቫ ያለበትን ቦታ ለኮምፒውተሩ የሚጠቁመውን ሴቲንግ) ይቀይርና ለውጥ ሲያጣ ግራ ይጋባል፤ ፍላተር ግን የሚያስቀድመው ከአንድሮይድ ስቱዲዮ ጋር የመጣውን ጃቫ ነው። የትኛውን እንደያዘ «ፍላተር ዶክተር» ላይ «-ቪ» ጨምራችሁ እዩ።

ከዚያ አንድሮይድ ፎልደር ውስጥ የግሬድል ራፐር ፕሮፐርቲስ ፋይልን ክፈቱና «ዲስትሪቢውሽን ዩአርኤል» የሚለው መስመር ላይ ቁጥሩን 8.5 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት። እግረ መንገዳችሁን «ኦል» የሚለውን ወደ «ቢን» ቀይሩት፤ ፋይሉ ስለሚያንስ ዳታ ይቆጥባል። ፕሮጀክቱ አሮጌ ሆኖ ማሻሻሉ ሌላ ጣጣ ካመጣ፣ ጃቫ 17 ጭናችሁ በ«ፍላተር ኮንፊግ» «ጄዲኬ ዲር» የተጫነበትን ቦታ ንገሩት።

ኔትወርክ ወይም መብራት መሃል ላይ ሄዶ «ኢረር ኢን ኦፕኒንግ ዚፕ ፋይል» ካለ፣ የግሬድል ዚፑ በግማሽ ወርዷል ማለት ነው። ደጋግሞ ራን ማድረግ አያድነውም። ሆም ፎልደራችሁ ላይ ባለው «.ግሬድል» ውስጥ ራፐር፣ ከዚያ ዲስትስ ገብታችሁ የዚያን ቨርዥን ፎልደር ሰርዙና እንደገና አውርዱት።