«ተፈጥሮ ይሸጣል እንዴ?»

የተተረጎመ መጠይቅ ልጆች እንዴት እንደሚረዱት ሳይጣራ መሞላት እንደሌለበት ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ሙሉ የተሳሳተ ምዕራፍ ይዞ ባልቀረ ነበር። ጥናቴ የከተማና የገጠር ልጆች ለአካባቢ ያላቸው አመለካከት ከአስተዳደጋቸው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ነበር። ፈቃዱ፣ የወላጆች ፊርማ፣ የትምህርት ቤት መረጣው በሁለት ሳምንት አለቀ።

ያቃጠለኝ መጠይቁ ነው። ተመራማሪዎቹ ዱንላፕና ቫን ሊየር እ.ኤ.አ. በ1978 ለአዋቂዎች ካወጡት የአካባቢ አመለካከት መለኪያ የመነጨ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለልጆች የተዘጋጀ ባለ 10 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ አለ። አማካሪዬ «አንድ ቃል እንዳትነካ፣ ከሌሎች ጥናቶች ጋር ማነጻጸር ያቅትሃል» አሉኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩት። አንዱ «ሰዎች የተቀረውን ተፈጥሮ መግዛት ይገባቸዋል» ይላል። የተስማማ ልጅ የተቆርቋሪነት ነጥቡ ይቀንሳል።

የገጠር ልጆች በብዛት ተስማሙ። እኔም «ከተፈጥሮ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ ተፈጥሮን እንደ መሣሪያ ያያል» ብዬ ጻፍኩ፤ ኮርቼበትም ነበር።

ጽሑፉን ካስገባሁ በኋላ ውጤቱን ልነግራቸው ተመለስኩ። አንዱን እረኛ ለምን እንደተስማማ ጠየቅኩት። «ከብቱን የማይገዛ እረኛ ምን እረኛ ነው? ሰው እርሻ ይገባሉ፣ ገደል ይገባሉ» አለኝ። ለእሱ መግዛት መጠበቅ ነው። ይኸው ልጅ ለማገዶ ደረቁን ይለቅማል እንጂ እርጥብ ዛፍ አይነካም። ከተማ ውስጥ ደግሞ አንዲት ልጅ «ተፈጥሮ ይሸጣል እንዴ?» አለችኝ። መግዛት ለእሷ ገንዘብ ከፍሎ መውሰድ ስለሆነ አልተስማማችም፤ እኔም ለተፈጥሮ ተቆርቋሪ ብዬ ከፍተኛ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።

የመጠይቅ ትርጉም መመሪያው «መልሳችሁ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙ» ይላል። አስተርጉሜያለሁ፤ ተርጓሚው ያንኑ የእንግሊዝኛ ቃል መለሰልኝ፣ ስህተቱም ሳይታይ አለፈ። ስለዚህ አማካሪ የፈለገውን ይበል፣ ከየአስተዳደጉ አምስት አምስት ልጆች ፊት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብቡና በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። አስተማሪው ከክፍል ይውጣ፤ እሱ ቆሞ ሳለ ልጆች የሚመልሱት ፈተና ነው። አስተዳደጋቸውን ለማወቅ «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» የሚለውንም ተዉት። ትናንት ውሃ ማን እንደቀዳ፣ ሰብል ማን እንደጠበቀ ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ሰብል ከአውሬ ሲከላከል የዋለ ልጅ «ዕፅዋትና እንስሳት እንደ ሰው የመኖር መብት አላቸው» ለሚለው ቶሎ አዎ አይልም፤ ይህ ግን ከቃል ሳይሆን በእርግጥም ከአስተዳደጉ የመጣ ልዩነት ነው።

የ«መግዛት»ን ዓረፍተ ነገር «መቆጣጠር» እና «መንከባከብ» በሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለይቼው ልጆቹ እንደገና ሞልተውልኛል። እረኛውን «ደንታ ቢስ» ያልኩበት ቅጂ ግን ዛሬም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ።