የወለቃው አንበሳ ጅራቱ ገጠመ

በመጨረሻ ተሳካልኝ! ለወራት ክብሪት ቀፎ ውስጥ የከረመው ጅራት አሁን የሸክላ አንበሳዬ ጀርባ ላይ ተጠምዝዞ ቦታው ገብቷል። መጋጠሚያውን ለማየት መስኮት ጋ ወስዶ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ለማታውቁት፣ ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ መንደር ነው። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩበት ነበር። ጀበናውና ድስቱ የቆየ ሙያ ነው። አንበሳው፣ ወፉና በጉ ግን የበዙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቱሪስት መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ «የ300 ዓመት ዕቃ ነው» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የምፈልገው በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከሄዱት እናቶች እጅ የወጣውን ነው። በግንቦት 1983 ብቻ በሁለት ቀን ከ14,000 በላይ ሰው ነው የሄደው። ወለቃ ላይ ሸክላ መሠራቱ ከዚያም በኋላ አልቀረም፤ የእነሱ እጅ ሥራ ግን እዚያ አበቃ።

ወደ ጥገናው ልምጣ። እነዚህ ቅርጾች ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት እሳት የተተኮሱ ስለሆኑ ገላቸው ጠንካራ አይደለም፣ ውሃም ይመጥጣሉ። ሱፐር ግሉ ጠብ ካደረጋችሁበት ሸክላው ይጠጣዋል፣ ጠርዙ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ማላቀቅ ዘበት ነው። ከሸክላው የበረታ ሙጫ ሌላም ጣጣ አለው፤ ዕቃው ሲነካ ሙጫው አይለቅም፣ አጠገቡ ያለው ሸክላ ይሰበራል። በዚህ አልደራደርም፣ ሱፐር ግሉ ሸክላ አጠገብ አይድረስ።

ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ አለ። ፍሬ ፍሬ ነው፣ በአሴቶን (ቶሎ ተንኖ እሳት በሚይዝ ፈሳሽ) ይሟሟል። መጀመሪያ ቀጠን አድርጌ ሁለቱንም ስብራት ቀባሁና አደረቅሁት። ከዚያ ወፈር ያለውን አንዱ ላይ ብቻ። ዋናው መከራ እስኪደርቅ መያዙ ነው፤ በእጅ አይሆንም፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሳፋ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ሞልታችሁ ዕቃውን ቅበሩት፣ ስብራቱ ወደ ላይ ይሁንና ጅራቱ በራሱ ክብደት ይቀመጥ። መጋጠሚያው ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ግን አለቀ፣ አይገጥምም። ያኔ በአሴቶን አላቅቃችሁ ትደግማላችሁ፤ እኔም ከአንዴ በላይ ደግሜዋለሁ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገባችሁ አይኑር።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሙሉው ይልቅ የተሰበረ ቅርጽ ይስበኛል። ውስጡ ይታያል፤ እሳቱ በደንብ ያልደረሰበት መሃሉ ጠቁሮ ይገኛል። የኔው አንበሳ ጋማው በስንጥር የተጫረ ነው፣ ሆዱ ሥር ደግሞ የሠሪዋ አውራ ጣት ያለፈበት ጎድጓዳ አለ። እንዲህ ያለው ነገር እንዳይጠፋ በውሃ አትጠቡ፣ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የጫማ ቀለም ቀብተው አሮጌ የሚያስመስሉም አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱት።

አሁን የቀረኝ አንድ እግሩ የሌለ በግ ነው። እግሩ አልተገኘም። አዲስ መሥራት ዕቃውን መዋሸት ነው ብዬ ስለማምን በሽቦ መቆሚያ ላቆመው አስቤያለሁ። ሸክላውን የማይፍቅ መቆሚያ የሠራችሁ ካላችሁ ሽቦውን በምን እንደሸፈናችሁት ንገሩኝ።