ለእናቴ ማስተርጎም ያቆምኩበት ቀን

እናቴ እኔ ወዳለሁበት ሰው አገር ከመጣች አምስት ዓመት ሆናት። አሁን 76 ዓመቷ ነው። ሐኪም ቤት ስንሄድ ሁሌም የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሷ አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየች ዝም ትላለች። አንዳንዴማ ጥያቄውን ለእሷ ሳልነግራት ነበር የምመልሰው። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና ትተኛለች» እላለሁ። የማውቃት ይመስለኝ ነበራ። ልጇ አይደለሁ?

ባለፈው ዓመት ሌላ ሐኪም ተመደበችላት። ገና ከመግባታችን «ዛሬ አስተርጓሚ በስልክ አለን፣ አንቺ ልጇ ሆነሽ ብቻ ቁጭ በይ» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ቋንቋውን አልችልም ያለችኝ መሰለኝ። ቤተሰብ እንዲያስተረጉም የማይመከረው ግን ቋንቋ አይችልም ተብሎ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ልጅ የሐኪሙን ቃል ያለሰልሳል፣ የሚያሳፍረውን ይዘላል፣ የሚያስፈራውን ያሳጥራል። እናትም ብትሆን ልጇ አፍ ውስጥ የማታስገባው ነገር አላት።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የረጋ የወንድ ድምፅ «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ዶክተሯ የሚሉትን እንዳለ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ የሚሉትንም አንድ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ» አላት። እናቴ ቀና አለች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሁሉም በላይ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ጉልበቷን ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ልጄ ቁጭ በይ ትለኛለች» አለች። «ቁጭ ብዬ ቁጭ ብዬ እግሬ አለቀ።»

አስተርጓሚው እንዳለች አስተረጎመው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ በኋላማ ቀጠለች። ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ያዞራታል። ከሁለት ወር በፊት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወድቃ ጎኗ በልዞ ነበር። ለምን እንዳልነገረችኝ ዶክተሯ ስትጠይቃት «ከሥራ ትቀራለች፣ ደግሞም ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ሽንት ቤት አታስገባኝም» አለች። ያ የበለዘ ጎን እኔው ቤት ውስጥ፣ እኔ በማጥበው ልብስ ስር ነበር።

ዶክተሯ የደም ግፊቷን አስተኝታ ለካች፣ ከዚያ አስቁማ በአንድ ደቂቃና በሦስት ደቂቃ ደገመች። የላይኛው ቁጥር ተኝታ 138 ነበር፣ ቆማ 112 ሆነ። ሰው ሲቆም የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ያ ማዞርና መውደቅ የሚያመጣ የግፊት መውረድ ነው። ለካ ሁለት ነገር ተደርቦባት ኖሯል። አንዱ ለግፊት የምትወስደው ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ነው። ሌላው ደግሞ ውሃ ቀንሳለች፣ ሌሊት እንዳትነሳና እኔን እንዳትቀሰቅሰኝ ብላ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የውሃ ጥም ስሜቱም ስለሚቀንስ ሰው ሰውነቱ ደርቆ እንኳ ላይጠማው ይችላል።

ሦስተኛው ይባስ። «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ስትባል ከቦርሳዋ አንድ ብልቃጥ አወጣች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የእንቅልፍ ኪኒን ነው፣ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ውስጡ ዳይፈንሀይድራሚን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት አለበት። እንቅልፍ ያመጣል፣ ግን በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ግራ ያጋባል፣ ያደናብራል፣ ይጥላል። ለአረጋውያን ባይሰጡ የሚሻሉ መድኃኒቶች በተዘረዘሩበት የቢርስ ዝርዝር ውስጥም አለ። እባካችሁ፣ የእናት የአባታችሁን ኪኒን በሙሉ፣ ያለ ትእዛዝ የተገዛውንም ጨምራችሁ፣ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ እናቴ ምናልባት አትወድቅም ነበር።

እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ከወንበር በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስታ እንደምትቀመጥ ነርሷ ቆጠረች። ስድስት። በእናቴ ዕድሜ ላለች ሴት ከአስር በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ ማለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ «አንቺ አረፍ በይ» እያልኩ ሳህኑንም መጥረጊያውንም ከእጇ የቀማሁት እኔ ነኝ፣ በፍቅር። ጡንቻ ግን ፍቅር ነው ብሎ አይተውም፣ ካልሠራ ይሟሽሻል። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ነው የሚመክረው።

ማታ ቤት ስንደርስ «ምን ላድርግልሽ?» አልኳት። ምናልባት በአራት ዓመት ውስጥ ከልቤ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። «መጦር ማለት እጅ እግር ማሰር አይደለም» አለችኝ። «የምችለውን ተይልኝ፣ የማልችለውን እኔው እጠራሻለሁ።»

የሹራቧ ቁልፍ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ። ስድስት ቁልፍ አለው። ድሮ ቸኩዬ እኔ ነበርኩ የምቆልፍላት። አሁን ራሷ ትቆልፋለች፣ ከታች ትጀምራለች፣ አውራ ጣቷ ስለሚያማት ቁልፉን በሌባ ጣቷ ጎን ትገፋዋለች፣ ሦስተኛው ላይ ሁሌ ትሳሳትና ፈታ ትደግማለች። ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። ሰዓት እያየሁ እጄን ይበላኛል፣ ግን አልነካውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ጤናማ እርጅናን በሽታ አለመኖር ብሎ አልተረጎመውም። ሰው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ማድረግ መቻሉን ነው የተመለከተው። እናቴ ሪፖርቱን አላየችም፣ ግን ስድስት ቁልፍ ላይ የምታደርገው እሱን ነው። አብረዋት የእግር ጉዞ የሚያደርጉ አንድ አባትም «ልጆቼ ሲደውሉ ‹መድኃኒት ዋጥክ?› ይሉኛል፣ ‹ምን ስትሠራ ዋልክ?› የሚለኝ የለም» ብለውኛል። እኔም ለእናቴ ከዚያ በፊት ከ«በዚህ ዕድሜሽ» የማይጀምር ነገር አልነግራትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የተመራማሪዋ የቤካ ሌቪና የባልደረቦቿ ጥናት 660 ሰዎችን እስከ 23 ዓመት ተከታትሎ፣ ስለ እርጅናቸው በጎ አመለካከት የነበራቸው ከሌሎቹ በአማካይ በ7.5 ዓመት የበለጠ መኖራቸውን አይቷል። አመለካከቱ ብቻውን ዕድሜ ያረዝማል ማለት አይደለም። እኔ ግን ያን ካነበብኩ በኋላ «በዚህ ዕድሜሽ» ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ሽንት የሚያበዛው ኪኒን ተቀነሰላት፣ የእንቅልፉ ቆመ። ውሃ ቀን ቀን ትጠጣለች፣ ማታ ከመነሳቷ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ትላለች፣ ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት አድርገናል። ከሦስት ወር በኋላ ነርሷ ስትቆጥራት አስራ አንድ ጊዜ ተነሳች።

በዚያው ቀን ዶክተሯ ጋ ልንገባ ስንል፣ በሩን እንደያዝኩ እናቴ ዞር ብላ «ስልኩ ላይ ያለው ልጅ ይበቃኛል፣ አንቺ እዚህ ጠብቂኝ» አለችኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት።